ግማሽ ሰከንድ ያጋለጠው የጓሮ በር

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የሚለካው ፈጽሞ ሌላ ነገር ነበር። ፍሮይንድ ፖስትግሬስ የተባለውን ነጻ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ማይክሮሶፍት ነው። የዚያን ሰሞን ሥራው በፖስትግሬስ ላይ የተደረገ ማሻሻያ በእርግጥ ፍጥነት ጨምሮ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። እንዲህ ያለ ልኬት ጸጥታ ይፈልጋል። ከጀርባ ሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ ቁጥሩ ይዛባል። ፍሮይንድ ማሽኑን ጸጥ ለማሰኘት ሲሞክር አንድ አልተኛም ያለ ነገር አገኘ።

ከሩቅ ሆኖ ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያገለግለው ኤስኤስኤች የሚባለው ፕሮግራም ነበር። ኢንተርኔት ላይ የተገናኘ ማሽን ሁሉ በሌለ የተጠቃሚ ስም ለመግባት የሚሞክር አይጠፋውም፤ ስሙ ስለሌለ ወዲያው ይመለሳል። አሁን ግን እነዚህን ሙከራዎች መመለስ ብቻውን ፕሮሰሰሩን ከሚገባው በላይ ያደክመው ጀመር። ፍሮይንድ ሰዓት ያዘ። ቀድሞ በ0.299 ሰከንድ ያልቅ የነበረው ሙከራ አሁን 0.807 ሰከንድ ይፈጃል።

ግማሽ ሰከንድ። ብዙዎቻችን «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው» ብለን የምናልፈው ነው። እሱ አላለፈውም። ከሳምንታት በፊት ፖስትግሬስን በአውቶማቲክ ሲፈትሹ፣ የማስታወሻ አጠቃቀም ስህተት የሚያድነው ቫልግራይንድ የተባለው መሣሪያ ምክንያቱ ያልታወቀ እሮሮ አሰምቶ እንደነበር ትዝ አለው። ሁለቱን አገናኘና ክሩን ይዞ ወደ ኋላ ተከተለው። ክሩ ያደረሰው ኤክስዜድ ወደሚባል፣ ፋይል አምቆ መጠኑን ወደሚያሳንስ፣ ስሙን ተራ ተጠቃሚ ሰምቶት ወደማያውቅ ትንሽ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ሆን ብሎ የሠራው የጓሮ በር ተቀምጧል።

መጋቢት 20 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ማርች 29 ቀን 2024፣ ምዕራባውያኑ ስቅለትን በሚያስቡበት ዓርብ፣ ፍሮይንድ ያገኘውን ሁሉ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደኅንነት ተመራማሪ እንዳልሆነ ጽሑፉ ላይ ራሱ ተናግሯል። ከኤክስዜድ ፕሮጀክት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ሰውየው የውጭ ሰው ነው፤ ይዞ የመጣውም የፍተሻ ውጤት ነው።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ኦፕን ሶርስ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ኮዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ስለዚህ ተንኮል አይደበቅበትም ይባላል። ይህን እምነት ኤሪክ ሬይመንድ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጻፈው ድርሰት የሊኑክስን ፈጣሪ ስም ሰጥቶ «የሊነስ ሕግ» አለው። እምነቱ ደስ ይላል። ነገር ግን የኤክስዜድ ኮድ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ አንብቦ የደረሰበት ሰው አልነበረም። ነገሩን ያወጣው ንባብ ሳይሆን ልኬት ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያይ ሰው ይህ የመጀመሪያ እንዳልሆነ ያገኛል። ኦፕን ሶርስን በየጊዜው ያረመው ከደጅ የመጣ፣ አንዳንዴም ማንም ያልጋበዘው ቁጥር ነው።

አንዱ ጅምር 1998 ላይ ነው። ፐርል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲፓን የሚባል ትልቅ የጋራ ጎተራ አለው፤ ከዓለም ዙሪያ ፕሮግራመሮች የጻፉትን እያመጡ ያከማቹበታል። ችግሩ ግልጽ ነበር። አንድ ጸሐፊ ኮዱን የሚፈትነው ቤቱ ባለው አንድ ማሽን ላይ ነው። የሚጠቀምበት ሰው ግን ሶላሪስ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቢኤስዲ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ጸሐፊው በዓይኑ አይቶት በማያውቅ ፕሮሰሰር ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የሲፓን ፈታሾች» የሚባል ቡድን ተቋቋመ። በጎ ፈቃደኞች ከጎተራው የገባውን ሁሉ በየራሳቸው ማሽን እያሠሩ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» የሚል ዘገባ፣ ከነስርዓተ ክወናው ዓይነትና ከነቋንቋው ዕትም፣ ይልኩ ጀመር። ዘገባው በዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ገባ።

እነዚህ ሰዎች አንድ መስመር ኮድ አልጨመሩም። የጨመሩት ማሽናቸውን፣ መብራታቸውንና ምሽታቸውን ነው። ለደራሲውም ደስ የማይለውን ወሬ የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ እጀ አመድ አፋሽ ማለት ይህ ነው። «የእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚለውን የፕሮግራመር ሁሉ መሸሸጊያ ግን ከዚያ በፊት እንዲህ በጅምላ የሞገተው አልነበረም።

ከዚያ በ1999 ኤፕሪል የመጣው ውጤት ወዳጅ ያመጣው አልነበረም።

ሊኑክስ ያኔ በወጣትነቱ ይፎክር ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎች እየደገፉት፣ ጋዜጦች እየጻፉለት ነበር። በዚህ መሐል ማይንድክራፍት የሚባል የፍተሻ ድርጅት ሪፖርት አወጣ፦ አራት ፕሮሰሰር ባለው የዴል ሰርቨር ላይ የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ኤንቲ፣ ፋይል በማቅረብ ሊኑክስን 2.5 እጥፍ፣ ድረ ገጽ በማቅረብ ደግሞ 3.7 እጥፍ ይበልጠዋል የሚል። የፍተሻውን ወጪ የከፈለው ማይክሮሶፍት ነው።

የሊኑክስ ሰፈር ተነሳ። የተከፈለበት ምስክር ተባለ። ኤንቲው በባለሙያ ተስተካክሎ ሊኑክሱ ግን እንደነገሩ ተገጥሞ ነው የተወዳደሩት ተባለ። ከተባለው ብዙው እውነትም ነበረው። ወጪውን የከፈለ አካል አሸናፊ ሆኖ የወጣበትን ፍተሻ ማንም በቅን ልብ አይቀበልም፤ መቀበልም የለበትም። ማይንድክራፍትም ከመሟገት ይልቅ ፍተሻው ይደገም ወደሚለው መጣ። በጁን 1999 በአንድ የኮምፒውተር ጋዜጣ ቤት ላቦራቶሪ የሬድ ሃት ባለሙያዎች ሊኑክሱን በገዛ እጃቸው አስተካክለው በድጋሚ ተፈተነ። የሊኑክስ ቁጥር ተሻሻለ። አሸናፊው ግን ያው ኤንቲ ሆነ።

ያን ጊዜ የሆነው ነገር ከቁጣው ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው። ፕሮግራመሮቹ መዝለፋቸውን ተዉና ለምን ብለው ጠየቁ። መልሱም ተገኘ። የያኔው ሊኑክስ 2.2 ብዙ ፕሮሰሰር ቢኖረውም ከኔትወርክ የሚመጣውን ሥራ የሚያስተናግደው ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮሰሰር በላይ አያስገባም። አራት ገንዘብ ከፋይ ተቀምጦ ማህተሙ አንድ የሆነበትን ባንክ ማሰብ ነው፤ መስኮቱ ቢበዛም ሰልፉ አይቀንስም። ሌላም ተገኘ፦ አንድ ጥያቄ ሲመጣ የሚጠብቁት ሠራተኛ ሂደቶች ሁሉ በአንዴ ይነቃሉ። አንድ ደንበኛ ሲገባ አሥሩም አስተናጋጅ ብድግ ብሎ፣ አንዱ ሲታዘዝ ዘጠኙ ተመልሶ የሚቀመጥበት ምግብ ቤት ማለት ነው። ተራ ተጠቃሚ ቤቱ ባለው አንድ ፕሮሰሰር ይህን አያየውም። አራት ፕሮሰሰርና አራት የኔትወርክ ካርድ ያለው ማሽን ደግሞ ያኔ በበጎ ፈቃደኛ ቤት አይገኝም። በጣም ውድ ነበር።

ጠላት ነው የተባለው ፈታሽ፣ ወዳጅ ሊያየው የማይችለውን አየ። በጃንዋሪ 2001 ሊኑክስ 2.4 ሲወጣ ሁለቱም ችግሮች ተነክተው ነበር፤ የኔትወርኩ ክፍል በብዙ ፕሮሰሰር በትይዩ እንዲሠራ ተደርጎ ተጽፏል። ዛሬ የዓለም ሰርቨር ብዛቱ፣ ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት አንድሮይድ ስልክም ጭምር፣ የሚሄደው በዚያው በሊኑክስ ከርነል ነው። ሪፖርቱ በወጣ ሰሞን «ውሸት ነው» ተብሎ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ጥገናው በስንት ዓመት ይዘገይ እንደነበር ማን ያውቃል። የፈታሹ ነገር እንዲህ ነው፤ ዓላማው ክፉ ሆኖ ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ እሱ ወደፊት ይመጣል።

ቀጣዩ ትምህርት የገንዘብ ነበር። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት ይፋ ሆነ። ኦፕንኤስኤስኤል የባንክ፣ የኢሜይልና የገበያ ድረ ገጾችን ምስጢር የሚቆልፍ ሶፍትዌር ነው። ከ2012 መጋቢት ጀምሮ በወጡት ዕትሞቹ ውስጥ የነበረ አንድ ክፍተት፣ ማንኛውም ሰው ከሰርቨሩ ማስታወሻ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ እየዘገነ እንዲወስድ ያስችለው ነበር፤ የይለፍ ቃልም ሊሆን ይችላል፣ የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ! ኮዱ ክፍት ነው፣ ተጠቃሚው እልፍ ነው፣ ግን ማንም አላየም።

ያገኙት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ። የጉግሉ ኒል መህታ አንዱ ሲሆን ሁለተኛው ኮዴኖሚኮን የሚባል የፊንላንድ ኩባንያ ነው። የፊንላንዶቹ ሥራ የፍተሻ መሣሪያ መሥራትና መሸጥ ነው፤ ስህተቱንም የደረሱበት መሣሪያቸውን ሲያሻሽሉ ነው። እዚህም የውጭ ሰው፣ እዚህም ፍተሻ። ከዚያ በኋላ የሒሳቡ ነገር ሲገለጥ ብዙዎች አፈሩ። ዓለም የተደገፈበት ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። በእሱ የሚነግዱ ኩባንያዎች በቢሊዮን ሲቆጥሩ ማለት ነው።

ፍተሻ በዕድል መተው የለበትም የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው ከዚህ ወዲህ ነው። ጉግል በ2016 መጨረሻ ኦኤስኤስ-ፈዝ የሚባል አገልግሎት ጀመረ፤ ትልልቅ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ሌት ተቀን የተበላሸ መረጃ እያጎረሰ የት እንደሚወድቁ ያያል፣ ውጤቱንም ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ይልካል። በሊኑክስ ከርነል በኩል የኢንቴል ሮቦት አዲስ ኮድ ገና ሲቀርብ ገጣጥሞ ይፈትሽና የተበላሸውን ለጻፈው ሰው ይነግረዋል። ከርነልሲአይ የተባለው ሥራ ደግሞ በየኩባንያውና በየላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ ቦርዶች ከርነሉን እያስነሳ ይፈትሻል፤ በ2019 የሊኑክስ ፋውንዴሽን ፕሮጀክት ሆኗል። የተለያዩ ድርጅቶች በየፊናቸው የፈተኑትን ውጤት በአንድ ቋት እንዲያስገቡ መንገድ የከፈተውም እሱ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንዱ «ወደቀ» ሲል ሌላው «እኔ ጋር አልፏል» ካለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የሚቻልበት ቦታ ያስፈልጋል።

በከርነሉ ታሪክ መዝገብ ላይ አንድ ደስ የሚል ልማድም አለ። ኮዱን ከጻፈው ሰው ስም በታች፣ በራሱ ማሽን ላይ ሞክሮ መሥራቱን ያረጋገጠው ሰው «ፈትሾታል» ተብሎ ይሰፍራል። ስህተቱን ያመለከተውም እንዲሁ። መዝገቡ እስካለ ድረስ ስሙ አለ። በገንዘብ አይተመንም፤ ግን ማን ምን እንዳመጣ አይረሳም።

ወደ ኤክስዜድ እንመለስ፤ ምክንያቱም ያን የጓሮ በር የሠራው ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ ያጠና ይመስላል።

ኤክስዜድን ለዓመታት ብቻውን የተሸከመው ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ ያለ ደመወዝ። በ2021 ጂያ ታን የሚል ስም ያለው አንድ ተባባሪ ብቅ አለ። ታታሪ፣ ትሑት፣ ጨዋ። በ2022 ደግሞ ከዚህ በፊት ታይተው የማያውቁ ስሞች መጥተው ኮሊንን ይወቅሱት ጀመር፤ ሥራው ዘገየ፣ አቅም ከሌለህ ለሌላ ልቀቅ የሚል ግፊት። ኮሊን የአእምሮ ጤና ችግር ለረጅም ጊዜ እንደፈተነውና ሥራው ያልተከፈለበት የትርፍ ጊዜ ፕሮጀክት መሆኑን ለማስታወስ ተገደደ። ወቃሾቹ በኋላ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። የደከመ ሰው አጠገቡ ያለውን አጋዥ አምኖ ሥልጣን ቢያካፍል ማን ይፈርድበታል?

ጂያ ታን ሥልጣኑን ካገኘ በኋላ ከነካቸው ነገሮች ቀዳሚዎቹ ከፍተሻ ጋር የተያያዙ ናቸው። በማርች 2023 ኦኤስኤስ-ፈዝ ስለ ኤክስዜድ ያገኘውን ስህተት የሚልክበት ዋና አድራሻ ወደ እሱ ተለወጠ። በጁላይ 2023 ደግሞ በኋላ የጓሮ በሩ የሚንጠለጠልበት አንድ የአሠራር ዘዴ በኦኤስኤስ-ፈዝ ፍተሻ ወቅት እንዲጠፋ አስደረገ። ፍተሻውን አላስቆመውም፤ ቢያስቆመው ይታወቃል። ዓይኑን ብቻ ወደ ሌላ አዞረበት።

መርዙን የደበቀበት ቦታ ደግሞ የሚገርም ነው። ፋይል የሚያምቅ ሶፍትዌር ሆን ተብለው የተበላሹ የሙከራ ፋይሎች ያስፈልጉታል፤ የተበላሸ ሲገባለት ሳይወድቅ «አልችልም» ማለቱ የሚታየው በእነሱ ነው። እነዚህ ፋይሎች በሰው ዓይን አይነበቡም። የተበላሸ እንዲመስል የተሠራን ፋይል ለምን ተበላሸ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጂያ ታን የጓሮ በሩን ያስገባው በእነዚህ ውስጥ ነው። ለማውጣት የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ደግሞ ሁሉም በሚያየው የኮድ መዝገብ ላይ ሳይሆን ለሥርጭት በሚታሸገው ጥቅል ውስጥ ብቻ ጨመረው። በማርች 2024 ፋይሎቹን ሲለውጣቸው የሰጠው ምክንያትም ወደፊት ሌላ ሰው እንደገና ሊያመነጫቸው እንዲችል የሚል ነበር። የጥሩ ፈታሽ ቃል ነው። ቃሉን ያውቀዋል።

ዕትም 5.6.0 በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024 ወጣ። ዴቢያንና ፌዶራ በመሳሰሉት የሊኑክስ ሥርጭቶች የሙከራ ዕትም ውስጥ ገባ። ቫልግራይንድ ወዲያው ማጉረምረም ጀመረ። እዚህ ላይ ታሪኩ ያማል። የፌዶራ ሰዎች ውጤቱን በቅን ልብ ለፕሮጀክቱ አመለከቱ፤ የተቀበላቸው ራሱ ጂያ ታን ነበር። አብሯቸው ሠራ። ጥፋቱን ለሌላ ሶፍትዌር ሰጥቶ በማርች 9 ቀን «የተስተካከለ» 5.6.1 አወጣ። የውጭ ፈታሾች ያመጡት ውጤት የጓሮ በሩን አላጋለጠም፤ ይበልጥ ጸጥ እንዲል ረዳው። ውጤት ማምጣት ብቻውን በቂ አለመሆኑ፣ የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ አያውቅም።

የቀረው ግማሽ ሰከንዱ ብቻ ነበር። በሩ ዝም እንዲል ብዙ ተደክሞበታል፤ ፍጥነቱን ግን አላሰቡበትም፣ ወይም አልደረሱበትም። ኤስኤስኤች በተነሳ ቁጥር ያ የተደበቀ ኮድ የሚፈልገውን ቦታ ለማግኘት ብዙ ያስሳል፤ አሰሳው ጊዜ ይወስዳል። የምስጢር ቁልፉን የያዘ ሰው በዚህ በር ገብቶ በማሽኑ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር። የሙከራ ዕትሙ ወራት ጠብቆ ወደ ተረጋጋው ዕትም ቢሸጋገር በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉና በየመንግሥት ቢሮው ያለ ሰርቨር ሁሉ ይዞት ይሄድ ነበር።

ፍሮይንድ ያገኘውን ለኤክስዜድ ኃላፊዎች አላመለከተም። ከሁለቱ ኃላፊዎች አንዱ ተጠርጣሪው ነውና። መጀመሪያ ለዴቢያንና ለሥርጭቶቹ የደኅንነት ሰዎች ነገረ፤ ከዚያ ለሁሉም። የጻፈውን ዛሬ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ክስ ሳይሆን ልኬት ነው፦ የትኛው ዕትም፣ የትኛው ማሽን፣ በፊት ስንት ሰከንድ፣ በኋላ ስንት ሰከንድ፣ የትኛው ትእዛዝ ተሰጥቶ። ማሽኑ ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ማንም ራሱ የሚያይበትን ትንሽ ፕሮግራምም አያይዟል። ስለዚህ ማንም እሱን ማመን አላስፈለገውም። በሰዓታት ውስጥ ሌሎች ደግመው አረጋገጡት፤ ሥርጭቶቹም ወደ ቀድሞው ዕትም ተመለሱ።

ጂያ ታን ማን እንደሆነ፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ እስካሁን በይፋ አልታወቀም። ከዚያች ዓርብ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ለላሴ ኮሊን ግን ሥራው ቀረለት። ተመልሶ ኮዱን ሲመረምር፣ ሌላኛው ሰው በሁለት ዓመት ያስገባውን ሲያበጥር ከረመና በሜይ 29 ቀን 2024፣ ልክ በሁለተኛው ወር፣ ዕትም 5.6.2ን አወጣ። የጓሮ በሩ ወጥቷል፤ የተሸከሙት የሙከራ ፋይሎችም የሉም።